ዘጠኝ ማንኪያ ለፊኛው፣ ስድስት ለሐሳብ

«ሰባት ፊኛ እንዳይበር ለማድረግ ስንት ክብደት ያስፈልጋል?»

ጠያቂዋ ፋርማሲስት ነበረች። ተጠያቂዋ ደግሞ የልጇን ሱቅ ለአሥር ደቂቃ ልትጠብቅ የተቀመጠች እናት። ልጅቷ የልደትና የምርቃት ግብዣዎችን በፊኛና በሪባን ታስጌጣለች፤ በዚያች ሰዓት ፕላስተር አልቆባት ልትገዛ ወጣ ብላ ነበር። እናትየዋ ስለ ፊኛ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈነዳ ልቧን ቀጥ እንደሚያደርገው።

«በቂ ያህል» አለች በመጨረሻ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

ፋርማሲስቷ ቅንድቧን ሰቀለች። እሷ በሥራዋ «በቂ ያህል ይጠጡ» ብላ ለሰው ሽሮፕ ሰጥታ አታውቅም። ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ሰማንያ ዓመት ይሞላቸዋል። አዳራሹ ተይዟል። ጠረጴዛው አሥራ ስድስት ነው፤ በየጠረጴዛው መሀል ሰባት ሰባት ፊኛ እንዲቆም ትፈልጋለች። ባለፈው በዚያው አዳራሽ የሆነውን ግን ሰምታለች። ስለዚህ ቅዳሜ ስትመጣ ትክክለኛው መልስ እንዲጠብቃት አሳስባ፣ የእንግዶቹን አቀማመጥ የጻፈችበትን ወረቀት ትታ ወጣች።

ባለፈው የሆነውን ያልሰማ የለም። ከሁለት ወር በፊት ነው፤ የልጅቷ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነበር። ፊኛዎቹን ያሰረችው ከረሜላ በተሞሉ ትንንሽ ኩባያዎች ላይ ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር፤ ችግሩ ግብዣው የሕፃን ልደት መሆኑ ነው። ልጆቹ ከኬኩ በፊት ክብደቱን በልተው ጨረሱት። ኩባያው ቀለለ፣ ፊኛው ተነሣ፣ አንዱ ሪባን ከጣሪያው ማራገቢያ ጋር ተጠመጠመና ማራገቢያው እንደ አሮጌ ሞተር ሁለት ጊዜ አስሎ ቆመ። የአዳራሹ ኃላፊ ወገቡ ላይ በተንጠለጠሉ ቁልፎች ኳኳታ ከሩቅ የሚታወቅ ሰውዬ ነው። ያን ቀን ሽቅብ እያየ፣ «ሁለተኛ አንዲት ፊኛ ጣሪያዬን ከነካች፣ አንቺም ጣሪያዬን አታይም» ብሎ ማለ። በአካባቢው ሌላ አዳራሽ የለም። አዳራሽ ከሌለ ደግሞ ሱቅ የለም።

ሱቅ ከሌለ ያለችው ጄነራሏ ናት።

ጄነራሏ የእናትየዋ ባል ታላቅ እህት ናት። ሌላ ከተማ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትመራለች፤ ሠላሳ ሰው በእሷ ትእዛዝ ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ ያጥፋል። ማዕረጉን የሰጣት ቤተሰቡ ነው፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለወንድሟ ልጅ በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሥራ አግኝታላታለች። ሐሙስ መጥታ እሁድ በአውቶቡስ ትመለሳለች፤ ሁለት ወንበር ይዛለች። ልጅቷም የዚያኑ ዕለት፣ ሰኞ፣ ምሳ ላይ ቀስ ብላ፣ «ቅዳሜ ካማረ እቀራለሁ። ካላማረ ከአክስቴ ጋር እሄዳለሁ» አለች። እንደ ቀላል ነገር ተናግራ ውኃዋን ጠጣች። እናትየዋ ግን የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰች።

«ክብደቱን እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

ልጅቷ አባቷን አየች፣ አባቷ ልጅቷን አየ። አባትየው መካኒክ ነው፤ ሚስቱን «ጭንቄ» ብሎ ነው የሚጠራት። በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች፤ ምድጃው መጥፋቱን ከመንገድ ተመልሳ ታያለች፤ እሱ መኪና ሥር ገብቶ ሲሠራ ጋራዡ ድረስ ሄዳ ክሪኩን «ጠብቋል?» ብላ ጠይቃ ታውቃለች። አሁን ግን ትከሻውን ነቀነቀና፣ «ስጫት» አለ ለልጁ። «አንድን ነገር ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማድረግ ከእናትሽ በላይ የሚችል የለም።»

ማክሰኞ ጠዋት ራሱ ከጋራዡ አንድ ከረጢት ብሎን ተሸክሞ መጣ። ክብደቱስ ነበረው፤ ግን ግሪስ ጠጥቷል። እናትየዋ በሳሙና አጠበችው፣ በላምባ ፈተገችው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ስታነሣው ግን ጥቁር ክብ ጥሎ ተነሣ። ፋርማሲስቷ በምታነጥፈው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አሥራ ስድስት ጥቁር ክብ ታያትና ከረጢቱን መለሰችለት። ባሏ ቅር ብሎት፣ እንግዲህ በጸሎት ልትይዢው ነው ወይ አላት።

ትንንሽ የውኃ ጠርሙስ ሞከረች፤ የአንዱ ክዳን ላልቶ ሶፋውን አራሰው። ጠጠር ለቀመች፤ ጠጠር ይንከባለላል፣ ደግሞም ሁለት እኩል የሆነ ጠጠር እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ስኳር በሐሳቧ መጣ፤ የሚበላ ነገር ግን ከከረሜላው ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ አይነሣም። ሳሙናስ ብላ አሰበች። ሳሙና ማን ይበላል? ከዚያ የዛሬ ልጅ ምን እንደሚበላ አይታወቅም ብላ እሱንም ተወችው።

መላው ከመስኮቷ ውጭ ተከምሮ ሲጠብቃት ነበር። ጎረቤትዋ አጥር ያስገነባል፤ የአሸዋ ክምር በሩ ላይ አለ። ባልዲ ይዛ ሄዳ ትንሽ አሸዋ ለመነችው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት ለፊኛ ነው አለችው። ሰውዬው ትንሽ አያትና ምንም ሳይል ግማሽ ባልዲ ጨመረላት።

አሸዋውን በሦስት ውኃ አጠበች፣ በወንፊት ነፋች፣ ጣሪያ ላይ አስጥታ ወፍ እንዳይበትነው ሰዓቱን ሙሉ ቆማ ጠበቀች። ረቡዕ ልጅቷ ከሱቅ ሰባት በጋዝ የተሞሉ ፊኛዎች ይዛ መጣች። ባዶ የጨርቅ ከረጢት ሪባኑ ጫፍ ላይ አሰሩ። እናትየዋ የሻይ ማንኪያ ይዛ ተጠጋች። ሚዛን ቤት ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ማንኪያዋን ነው የምታምነው።

አምስት ማንኪያ ድረስ ልጅቷ ስትለቀው ከረጢቱ ሽው ብሎ ኮርኒሱን መታ። ስምንት ላይ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ ወጣ። ዘጠኝ ላይ ግን አየር ላይ ቆመ፤ አይወጣም አይወርድም፣ ከሶፋው በላይ እንደተንሳፈፈ እናትና ልጅ አፋቸውን ከፍተው አዩት።

«በቃ፣ ዘጠኝ ነው» አለች ልጅቷ። «አንድ ጨምረሽ እሰሪው።»

እናትየዋ አንድ ጨመረች። ከዚያ ለማራገቢያው ብላ አንድ ጨመረች። በሩ በኃይል ቢከፈትስ ብላ አንድ፣ የሚጎትት ልጅ ቢኖርስ ብላ አንድ፣ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ቢያስነጥስስ ብላ አንድ። አሥራ አምስተኛዋን ስትጨምር ልጅቷ ይህችስ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እናትየዋ አሰበችና፣ «እሷ የእኔ ናት» አለች። ወደ አሥራ ስድስተኛዋ እጇ ሲሄድ ልጅቷ ማንኪያውን ከእጇ ወሰደችባት።

ሐሙስ ጠዋት አሸዋው እርጥበት እንዳይዝ መጥበሻ ላይ እየቆላች ሳለ ጄነራሏ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ሰላምታ ሳትሰጥ አፍንጫዋን አነሣች።

«ምን እየቆላሽ ነው?»

«አሸዋ ነው፣ እትዬ።»

ጄነራሏ ቀረብ ብላ መጥበሻው ውስጥ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። «ጨው አድርገሽበታል?» አለች።

ከዚያ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች፣ የመስኮቱን መጋረጃ አቧራ በጣቷ ለካች፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ደብተር አገላበጠች። የእናትየዋ ደብተር ነው። ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ትልልቅ ሰዎች ጋር ማንበብና መጻፍ መማር ከጀመረች ሰባት ወር ሆኗታል። በዚያ ሳምንት አስተማሪዋ የዝምድና ስሞችን ሃያ ሃያ ጊዜ እንዲጽፉ አዛቸው ነበር፤ እናት፣ አባት፣ እህት፣ አጎት፣ እያለ ገጹን ሞልቶ ወርዷል። አንዳንዱ ፊደል እግሩ አጥሯል፣ አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ተደግፏል።

«በዚህ ዕድሜሽ ፊደል ቆጥረሽ ምን ልትሆኚ ነው? ሚኒስትር?»

«ልጅቷ ስልኬ ላይ መልእክት ስትልክ ራሴ ላነበው ነው፣ እትዬ። እስከ ዛሬ ጎረቤት ነው የሚያነብልኝ። ‹ዳቦ ገዝቻለሁ› ብላ ስትልክ እንኳ ጎረቤት ያውቃል።»

«ጥሩ። ከእሁድ ጀምሮ ብዙ ትልክልሻለች» አለችና ጄነራሏ ደብተሩን ከደነችው።

እናትየዋ መጥበሻውን ነቀነቀች። አሸዋው ሾ አለ።

ከረጢቶቹን ከአሮጌ ሰማያዊ መጋረጃ ቆርጣ ሰፋቻቸው። መዳፍ የምታህል ከረጢት፣ አፏ ላይ ሪባን የሚታሰርባት የክር ቀለበት። ልጅቷ ጠዋት ስትወጣ፣ ቅዳሜ ቦታ ቦታቸውን ለማወቅ እንዲመች ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጥር እንድትጽፍባቸው ነግራታለች። እናትየዋ ቁጥር ታውቃለች፤ ገበያ ለገበያ ሃያ አምስት ዓመት ያለ ቁጥር አይኖርም። ግን አንደኛዋን ከረጢት ይዛ ስታስበው አልጣማትም። ሰው ከፊቱ ቁጥር ተቀምጦለት ሲበላ የሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ይመስላል። ፋርማሲስቷ ትታው የሄደችው ወረቀት ደግሞ አጠገቧ ነበር።

ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከሻይ ሰዓት እስከ ምሳ ፈጀባት፤ ማንንም ግን አልጠየቀችም። ከደብተሯ ውጭ ያለ፣ ማንም ለእሷ ብሎ ያልጻፈውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ «አባባ» ይላል። ቀጥሎ «አክስቶች»፣ «አጎቶች»፣ «እህቶቼ»፣ «ምራቶች»፣ «ጎረቤቶች» ሦስት ጊዜ፣ «የአባባ የድሮ ደንበኞች» ሁለት ጊዜ፣ እያለ ይወርዳል። እነዚህን ቃላት ሃያ ሃያ ጊዜ ጽፋቸዋለች። ሰዎቹን የምታውቃቸው መሰላት።

መርፌና ነጭ ክር አነሣች። ከረጢቷ ትንሽ ስለሆነች ረጅሙ አይገባም፤ ስለዚህ የሚገባውን ብቻ ጠለፈች። «አክስት»። «አጎት»። «እህት»። «ጎረቤት»። «የአባባ የድሮ ደንበኞች» የሚለው «ደንበኛ» ሆኖ ቀረ። ለመሪው ጠረጴዛ «አባት» ብላ ጠለፈች፤ ፊደሉ እንዲወፍር በላዩ ላይ ደገመችው። እስክሪብቶ ላይ የሚወላገደው እጇ መርፌ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። ስትጨርስ ስትቆጥራቸው አሥራ ሰባት ሆኑ፤ «ጎረቤት» አራት ጊዜ ጠልፋ ኖሯል። ትርፏን ከረጢት አሸዋ ሞልታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አደረገቻት። ቢጎድልስ?

ዓርብ ልጅቷ መጥታ አየቻቸው። አንዷን አነሣች፣ አገላበጠች፣ በመዳፏ መዘነች።

«እማዬ፣ ቁጥሩስ?»

«ይሄ አይሻልም?»

ልጅቷ ከረጢቷን ከሌሎቹ ጋር አሰለፈቻት። «ለፊኛ በዛበት» አለች። እናትየዋ ይህን እንደ ምስጋና ወስዳ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አሥራ ስድስት እቅፍ ፊኛ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጄነራሏም አብራ መጥታለች፤ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብላ ማየት አትችልም። አስተናጋጆቹን አሰልፋ የወረቀት መሐረብ አስተጣጠፍ እያስተማረች ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ቁልፎቹን እያንኳኳ በየጠረጴዛው መሀል ዞረ፣ ማራገቢያውን ከፈተ፣ ሽቅብ አየ። ፊኛዎቹ ትንሽ እጅ ነሡና ቀጥ አሉ። ምንም ሳይናገር በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ፋርማሲስቷ ገና ኮቷን ሳታወልቅ እናትየዋ ፊቷ ቆመች። ከሰኞ ጀምሮ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ነበር።

«ዘጠኝ ማንኪያ ለፊኛው፣ ስድስት ለሐሳብ» አለች።

«የሻይ ማንኪያ?»

«የሻይ።»

«የተቆለለ ነው ወይስ ልክ በልክ?»

«ልክ በልክ። በቢላ ጀርባ እየጠረግሁ።»

ፋርማሲስቷ አንገቷን ነቀነቀች፤ በሰፈሩ ውስጥ ነገር የሚገባው ሰው በመጨረሻ እንዳገኘች ሰው። ሄዳ እህቶቿን ተቀበለች። እናትየዋ ወደ ማዕድ ቤቱ በር ተመልሳ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች።

ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ በሁለት ልጆቻቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ፤ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። በመሪው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስልሳ ዓመት በማጉያ መነጽር የሰዓት ደቃቅ ጥርስ ሲቆጥሩ ኖረው አሁን ሰው እንኳ በድምፁ ነው የሚለዩት። ጣታቸው ግን እንዳለ ነው። ሰው ንግግር ሲያደርግ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ሄዶ ሄዶ ከረጢቷን አገኘ። ጥልፉን ዳሰሱት። እንደገና ዳሰሱት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለው። ማዕድ ቤቱ በር ላይ እናትየዋ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ ሽማግሌው የእሷን ፊደል በጣታቸው እያነበቡ ነው።

«አባት» አሉ ጮክ ብለው፣ ንግግሩን አቋርጠው። «‹አባት› ይላል። የእኔ ነው።»

ደቃቅ ብሎን በጣት ጫፍ ሲፈታ የኖረ ሰው ቋጠሮ አያቅተውም። ሪባኑን ከቀለበቷ ላይ በሁለት ጣት አወለቁት፣ ከረጢቷን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከልባቸው ጎን አስገቡ፣ ኪሱንም መታ መታ አደረጉት።

ሰባት ፊኛ ተያይዞ ተነሣ።

ልጅቷ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ሰው ሁሉ ፊኛው ጣሪያ እስኪነካ ሽቅብ አየ፤ ከዚያ ቁልቁል ከፊቱ ያለውን አየ። ስጦታ መሆኑ ለሁሉም እኩል ገባው። ስም ተጠልፎበት፣ በሪባን ታስሮ፣ ከሰሃኑ ፊት የተቀመጠ ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ችግሩ በየጠረጴዛው ስምንት ሰው አለ፣ ከረጢቷ ግን አንድ ናት። የአጎቶቹ ቶሎ ተፈታ፤ ታላቅየው ወሰደ፣ ሌሎቹ አኮረፉ። አንድ ሰውዬ አጎትም ጎረቤትም ነኝ ብሎ በሁለት ጠረጴዛ ተከራከረ። እህቶቹ ማን አባታቸውን ይበልጥ እንዳስታመመ ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ቆጠሩ። ሪባን በሹካ ተፈታ፣ በቢላ ተቆረጠ። እናትየዋ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። በእያንዳንዱ እቅፍ የልጇ ሻንጣ አብሮ የሚነሣ ይመስላት ነበር። ምራቶቹ ግን ከረጢታቸውን አልነኩም፤ አማቶቹ ከጎን ጠረጴዛ እያዩ ምራት ነኝ ብሎ የሚቸኩል አልተገኘም። ደንበኞቹም በሁለቱ ጠረጴዛቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ከሰዓት ቤቱ ዕቃ የሚወሰደው ሽማግሌው «ደርሷል፣ ውሰዱ» ሲሉ ብቻ መሆኑን ከጥንት ለምደዋል።

ትልቁ ጉድ የፈላው አክስቶቹ ጋ ነው። ስምንቱም ከረጢቷን ይዘዋል። አንዷ ልጆቹን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ ትላለች፣ አንዷ እኔ ነኝ ያጠብኋቸው ትላለች። ጄነራሏ ነጭ መሐረብ በክንዷ እንደጣለች ደረሰች። ሆቴል ውስጥ በአንሶላ የሚጣሉ ሠራተኞችን እንደምትገላግለው እጇን መሀል አስገብታ ከረጢቷን ወሰደች። አክስቶቹ ፍርድ ጠበቁ። ጄነራሏ ጥልፉን አነበበች። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤቱ በር ዞራ የወንድሟን ሚስት አየች፤ ሐሙስ ዕለት የከደነችው ደብተር ትዝ ሳይላት አልቀረም።

«እናንተ የባለ ልደቱ ልጆች አክስቶች ናችሁ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን የጠለፈችው ሴትዮ ልጅ አክስት ነኝ። እኔ እቀርባለሁ።»

ከረጢቷን ኪሷ ከተተች፣ ሄደች። ሰባት ፊኛ ከኋላዋ ወጣ።

አሥራ ሦስት እቅፍ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ማራገቢያው ቆመ። አጥፊው የአዳራሹ ኃላፊ ነው፤ ቁልፎቹ ከሩቅ እየተንኳኩ በጠረጴዛዎቹ መሀል መጣ። ማን ነው የዚህ ሥራ ኃላፊ ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ስትራመድ እናትየዋ ሁለት ተራምዳ ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «አሥራ አምስት ማንኪያ አድርጌበታለሁ፣ ልክ በልክ። የሚበላ ነገርም አላደረግሁም። ክብደቱ አልጎደለም ጌታዬ፣ ተወስዶ ነው።»

«ምን ብዬ ነበር የማልሁት?» አለ ሰውዬው ወደ ልጅቷ። ልጅቷ ጫማዋን አየች።

ከመሪው ጠረጴዛ ሽማግሌው አንገታቸውን አዘነበሉ። የቁልፉን ኳኳታ ያውቁታል። «አንተ ቤትህ የሰዓት ቤቴ ፊት ለፊት ያለው አይደለም?» አሉት።

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ትቆጣለህ? ጎረቤት አይደለህ እንዴ? ያንተን አልሰጡህም?»

እናትየዋ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ትርፏ ከረጢት እዚያው ነበረች፣ ሙሉ አሥራ አምስት ማንኪያ። አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ሰውዬው «ጎረቤት» የሚለውን አነበበ፤ ከንፈሩ እያንዳንዷን ፊደል ሲከተል እናትየዋ አየች። እሷም እንዲሁ ነው የምታነበው። ወደ ጣሪያው አየ። ወደ ከረጢቷ አየ። ስጦታውን በእጁ ይዞ ስለ ፊኛው መቆጣት ቀላል አልሆነለትም። በመጨረሻ ከቁልፎቹ አጠገብ ኪሱ ውስጥ አስቀመጣት።

«ማራገቢያው ፊኛው እስኪወርድ አይከፈትም» አለ። «እንግዳውም ያልበው። ለሚቀጥለው ግን ሁለት ሁለት አድርጉ። አንዱ የሚወሰድ፣ አንዱ የሚቀር።»

ከዚያ በኋላ ስለ መሰላል፣ ስለ አምፖል፣ ስለ ወለል ጥረጋ ብዙ ተናገረ። እናትየዋ አንዱንም አልሰማችም። «ለሚቀጥለው» ያላት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርታለች። ልጇን አየቻት። ልጅቷም ሰምታለች፤ ሁለት ሁለት ከሆነ ሠላሳ ሁለት ከረጢት እያለች በጣቷ ትቆጥራለች። እንግዶቹ በላብ ተጠምቀው፣ በወረቀት መሐረብ ፊታቸውን እያራገቡ ኬኩን በሉ። ፋርማሲስቷ ስትወጣ ምን ያህሉ እንደተነሣ ጠየቀችና ለራሷ፣ «ከአሥራ ስድስት አሥራ ሦስት» ብላ መዝግባ ሄደች። ፊቷ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። ለእሷ ጠረጴዛ የደረሰችው «እህት» የምትለዋ ከረጢት በቦርሳዋ ውስጥ ነበረች፤ እንዴት እንዳሸነፈች አይታወቅም።

እሁድ ጠዋት እናትና ልጅ አዳራሹን አስከፍተው ገቡ። ጋዙ እየደከመ ፊኛዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ ሪባናቸው ቀድሞ መሬት ይነካል። እናትየዋ እየሮጠች ትይዛለች፣ አንዱ ሳይታሰብ በፈነዳ ቁጥር ደረቷን ትይዛለች። ጄነራሏ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ በሁለት እጇ አርባ የሚሆን የከሳ ፊኛ ይዛለች፤ በጥርሷ መቀስ ነክሳለች።

«ሁለት ወንበር ይዣለሁ» አለች ጄነራሏ።

ልጅቷ መቀሱን ከአፏ አወጣች። የአዳራሹ ኃላፊ ጠዋት የሌላ ግብዣ ቀን እንደነገራት፣ ፋርማሲስቷም ለባልደረባዋ ምርቃት ሠላሳ ከረጢት እንዳዘዘች፣ እናቷ ገና ግማሹን ፊደል ብቻ እንደምትጠልፍ፣ ሌላው ግማሽ ለሚቀጥለው ወር ትምህርት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረቻት። ጄነራሏ ንግግሩ እስኪያልቅ ቆማ ሰማች። ከዚያ የወንድሟን ሚስት አየች።

«መልእክት ላኪልኝ» አለቻት። «ራስሽ ጽፈሽ። ጎረቤት እንዳይጽፈው፤ አውቀዋለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ዳቦ ገዝቻለሁ በይ። ምን ቸገረኝ።»

ቦርሳዋን ከፍታ ቲኬቷን ስታወጣ ሰማያዊዋ ከረጢት ከታች ታየች። ጄነራሏ ፈጥና ዘጋችው፣ ይሄ አሸዋችሁ ደግሞ ቦርሳ ያከብዳል ብላ አጉረመረመች።

አውቶቡሱ በስድስት ሰዓት ተነሣ። ጄነራሏ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሻንጣዋን አስቀምጣ ሄደች። ልጅቷ ቀረች።